«ጥቂት ቢለወጥስ?» ያሉት ሽማግሌ

ባለፈው በጋ፣ ስሙን መጥራት በማያስፈልግ አንድ መሥሪያ ቤት አዳራሽ ውስጥ፣ ስለ አንድ አነስተኛ የመስኖ ግድብ የውኃ አለቃቀቅ ማብራሪያ ይሰጣል ተብሎ ከተጠሩት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርሁ። ማብራሪያውን ያቀረበው ወጣት መሐንዲስ ንግግሩ የተመጠነ፣ ሥዕሉ የተዋበ፣ ትምህርቱም የሚያስመሰግን ነበረና አንድ ሰዓት ያህል በጸጥታ ስናደምጠው ከቆየን በኋላ፣ በመጨረሻ «ከሁሉ የተሻለው ዕቅድ» የሚል አርእስት የሰጠውን ሠንጠረዥ አምጥቶ፣ ከመስከረም እስከ ነሐሴ በየወሩ ሊለቀቅ የሚገባውን ውኃ ከነጥብ በኋላ እስከ ሁለተኛው አኃዝ ድረስ ዘርዝሮ አሳየን። ያን ጊዜ ከኋላ ወንበር ጋቢያቸውን አጣፍተው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ፣ ከግድቡ ግርጌ እርሻ ያላቸው መሆናቸውን የሰማሁት በኋላ ነው፣ እጃቸውን አነሡና «ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ፤ ዳሩ ግን መሬቱ የሚመጠው ውኃ አንተ ከገመትኸው ጥቂት ቢበልጥ፣ ይኸ ዕቅድህ ጥቂት ይነቃነቃል ወይስ ከነጭራሹ ይፈርሳል?» ሲሉ ጠየቁት። ወጣቱም በትሕትና «አባቴ፣ እሱን ለማወቅ ሞዴሉን እንደገና ማስኬድ ይኖርብናል፤ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል» ብሎ መለሰላቸው፤ ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አዩ፤ ሻይ ቀረበ።

እኔ ግን ከሻዩም በኋላ፣ ወደ ቤቴም ስመለስ፣ ያ ጥያቄና ያ መልስ ከኅሊናዬ አልወጣ አሉኝ። ሽማግሌው በአንድ ዓረፍተ ነገር የጠየቁት፣ በሒሳብ ሊቃውንት ዘንድ የፓራሜትር ስሱነት የሚባለውን፣ ማለት ቋሚ ነው ብለን ከወሰድነው ቁጥር አንዱ በጥቂቱ ሲነካ የሥርዓቱ ፍጻሜ በምን ያህል እንደሚናወጥ የሚመረምረውን ትምህርት ነው፤ ይህም ጥያቄ መልስ ሳያገኝ አንድን ዕቅድ «ከሁሉ የተሻለው» ማለት፣ በእኔ አስተያየት፣ ምስክሩ ሳይሰማ ፍርድ እንደ መስጠት ነው። ከዚህም ይልቅ ያሳዘነኝ ሁለቱ ሳምንት ነው፤ ምክንያቱም መሐንዲሱ የተሻለውን ዕቅድ ፈልጎ ባገኘበት በዚያው ስሌት ውስጥ፣ መንገዱን አውቆበት ቢሆን ኖሮ፣ ለሽማግሌው የሚሰጠው መልስ አብሮት ይገኝ ነበርና።

ነገሩን ከሩቅ ከማምጣት ከገዛ ግቢያችን ብንጀምር ይሻላል። በአዲስ አበባ ውኃ በፈረቃ የሚመጣለት ቤተሰብ ሁሉ ሮቶ ምን እንደ ሆነ ያውቃል። 1,000 ሊትር የሞላ ሮቶ አለ እንበል፤ ቧንቧው ያፈሳል፤ የሚፈሰውም በየቅጽበቱ ከቀረው ውኃ በሰዓት አንድ አሥረኛ በሆነ ፍጥነት ነው። በዚህ ዓይነት ከአሥር ሰዓት በኋላ በሮቶው ውስጥ 368 ሊትር ያህል ይቀራል። የቧንቧው ብልሽት ጥቂት ከፍቶ ፍጥነቱ ከ0.10 ወደ 0.11 ቢያድግ ግን፣ በዚያው ሰዓት የሚቀረው 333 ሊትር ነው፤ ልዩነቱ 35 ሊትር ሆነ ማለት ነው። አሁን አንባቢዬ ትንሽ ይታገሡኝና ይህን ልዩነት በተለያየ ሰዓት እንመልከተው፦ በመጀመሪያው ሰዓት መጨረሻ 9 ሊትር ብቻ ነበረ፤ በአሥረኛው ሰዓት አካባቢ ከፍተኛው ላይ ደርሶ 35 ሆነ፤ በሠላሳኛው ሰዓት ግን ወደ 13 ወርዷል፤ ሮቶው ራሱ ባዶ ወደ መሆን ስለ ተቃረበ የሚለያይበት ውኃ አልቀረውምና። እንግዲህ ስሱነት አንድ የቆመ ቁጥር ሳይሆን ከሥርዓቱ ጋራ የሚወለድ፣ የሚያድግ፣ የሚከስም ነገር ነው፤ የራሱም እኩልታ አለው፤ ያም እኩልታ ከዋናው እኩልታ አጠገብ ተቀምጦ፣ ሮቶው ውስጥ ካለው ውኃ እየተመገበ፣ እንደ ሮቶውም እያፈሰሰ፣ ከእርሱ ጋራ እኩል በአንድ ጉዞ ይሰላል። በሠላሳኛው ሰዓት ብቻ መጥቶ የጠየቀ ሰው የቧንቧው ብልሽት ያን ያህል አያሳስብም ብሎ ሊሄድ ይችላል፤ በአሥረኛው ሰዓት ልብስ ልታጥብ የተነሣችው እመቤት ግን ሌላ ነገር ትነግረዋለች።

ብዙ ባለሙያዎች ግን፣ የእኛው አገር ወጣት ብቻም አይደለም፣ ይህን ሁሉ ትተው አንድ ቀላል የሚመስል ልማድ ይከተላሉ፤ እኔ «ነክቶ ማየት» እለዋለሁ። ቁጥሩን በጥቂት ይነኩታል፤ ሞዴሉን ከመነሻው እስከ ፍጻሜው እንደገና ያስኬዱታል፤ ከሁለቱ ውጤት አንዱን ከሌላው ይቀንሱታል። ለአንድ ሮቶ ይህ ምንም ጉዳት የለውም። ነገር ግን ሞዴሉ ሁለት መቶ ፓራሜትር ካለው ሁለት መቶ ጊዜ ማስኬድ ሊኖር ነው፤ ሁለቱ ሳምንት የመጡት ከዚህ ነው። ከድካሙም ሌላ አንድ የተሰወረ ወጥመድ አለበት። ቁጥሩን አብዝተው ቢነኩት የተገኘው ልዩነት በዚያ ነጥብ ላይ ያለውን ስሱነት አይነግርም፤ እጅግ አሳንሰው ቢነኩት ደግሞ፣ ኮምፒዩተር በተለመደው አሠራር አንድን ቁጥር ወደ 16 በሚጠጋ አኃዝ ብቻ ስለሚይዝ፣ ሁለት ሊመሳሰሉ ጥቂት የቀራቸው ቁጥሮች ሲቀናነሱ የሚተርፈው አብዛኛው የስሌቱ ፍርፋሪ ነው። የአንድ ስኒ ቡና ክብደት ለማወቅ ሲል ቡና የጫነውን ከባድ መኪና፣ አንድ ጊዜ ስኒውን ይዞ፣ አንድ ጊዜ ሳይዝ፣ በመንገድ ዳር ሚዛን ላይ የሚያወጣ ሰው ምን ዓይነት መልስ እንደሚያገኝ ማንም ይገምታል።

ከዚህ ችግር የሚያወጣው መንገድ ከመቶ ዓመት በፊት የተጠረገ መሆኑ ነው እኔን የሚያስደንቀኝ። እ.ኤ.አ. በ1918፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ በተቃረበበት ዘመን፣ በአሜሪካ በሜሪላንድ ግዛት በአበርዲን የመድፍ መሞከሪያ ሜዳ ብዙ የሒሳብ ሊቃውንት ተሰብስበው ለመድፈኞች የሚሰጠውን የተኩስ ሠንጠረዥ ያዘጋጁ ነበር። የጥይቱ ጉዞ በዲፈረንሺያል እኩልታ የሚገዛ ተንቀሳቃሽ ሥርዓት ነው፤ ነፋሱ ሲለወጥ፣ አየሩ ሲሳሳ፣ ጥይቱ ሲከብድ ወይም ሲቀል የሚያርፍበት ስፍራ ይለወጣል፤ እያንዳንዱንም ለውጥ ነክቶ ለማየት ጉዞውን በእጅ እንደገና ማስላት ያስፈልግ ነበር፤ በዚያ ዘመን «ኮምፒዩተር» ማለት ወረቀትና እርሳስ ይዞ የሚያሰላ ሰው ነበርና ድካሙ የሰው ድካም ነው። ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የመጣው ጊልበርት ብሊስ ታዲያ ጥያቄውን ገለበጠው። ከመነሻው ተነሥቶ እያንዳንዱን ለውጥ እስከ ፍጻሜው ከመከተል ይልቅ፣ ከፍጻሜው፣ ማለት ጥይቱ ካረፈበት ስፍራ ተነሥቶ፣ አድጆይንት የሚባለውን ተጓዳኝ እኩልታ ወደ ኋላ አንድ ጊዜ ቢያሰላው፣ የነፋሱም፣ የአየሩም፣ የክብደቱም ድርሻ ሁሉ ከዚያ ከአንዱ ስሌት በቀላል ድመራ እንደሚገኝ አሳየ።

ይህን የኋሊት ስሌት በወንዝ እመስለዋለሁ። መቶ ገባር ያለው አንድ ወንዝ ከታች፣ ከመሻገሪያው ላይ፣ ደፍርሷል እንበል። ደፍራሹን ገባር ለማወቅ የሚሻ ሰው፣ በአንደኛው ገባር አፍ ላይ ቀለም ጨምሮ እስከ መሻገሪያው ቁልቁል ሊከተለው፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ሁለተኛው ሊወጣ ይችላል፤ እንዲህ ሲል መቶ ጊዜ ይወርዳል። ወይም ደግሞ ከመሻገሪያው ተነሥቶ ወንዙን ሽቅብ ይዞ፣ በየመጋጠሚያው ቆም እያለ «ከዚህ ከምለካው ድፍርስ ውስጥ የቀኙ ድርሻ ይህን ያህል፣ የግራው ይህን ያህል» እያለ ያካፍላል፤ ምንጩ ዘንድ ሲደርስ የመቶውም ገባር ድርሻ በእጁ ነው፤ የተጓዘውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ፓራሜትሮቹ መቶ ቢሆኑ ሚሊዮን፣ የኋሊቱ ጉዞ አንድ ነው። ዋጋ ግን ያስከፍላል፤ ሽቅብ የሚወጣው ሰው በየመጋጠሚያው የወንዙ ሁኔታ ቁልቁል ሲወርድ እንዴት እንደ ነበረ ማስታወስ አለበት፤ ስለዚህ ኮምፒዩተሩ የፊቱን ጉዞ ሁሉ በመዝገብ ማስቀመጥ ወይም በየተወሰነው ጣቢያ ምልክት ትቶ በመካከል ያለውን እንደገና ማስላት ይኖርበታል። ስንቅ የሌለው መንገደኛ በዚህ በኩል አይመለስም።

ይህ ብልሃት የተሻለውን ለመምረጥ ምን ያህል እንደሚረዳ የሚያሳየውን ታሪክ ስናገር ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1960 በግራማን የአውሮፕላን ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ሄንሪ ኬሊ፣ ቀጥሎም አርተር ብራይሰንና ዋልተር ዴንሃም፣ የኋሊቱን ስሌት በበረራ ጉዞ ላይ ሞከሩት። የብራይሰንና የዴንሃም ጥያቄ አጭር ነበር፦ ኤፍ-4 ፋንተም የተባለው ተዋጊ ጄት ከመሬት ተነሥቶ እስከ 20 ኪሎ ሜትር ከፍታ በአጭር ጊዜ ለመድረስ በየሴኮንዱ አፍንጫውን ወዴት ማቅናት አለበት? እነርሱ አንድ ተራ የአወጣጥ መንገድ በግምት ወሰዱ፤ ጉዞውን ወደ ፊት አሰሉት፤ ከዚያ ወደ ኋላ ሲያሰሉት በየሴኮንዱ «እዚህ ላይ ጥቂት ቀና ብትል ይህን ያህል ጊዜ ታተርፋለህ፣ እዚያ ላይ ጥቂት ብታዘቀዝቅ ይህን ያህል» የሚል የስሱነት መዝገብ አገኙ፤ መንገዱን በዚያው አቅጣጫ ጥቂት አርመው እንደገና አሰሉ፤ ይህንንም ደጋገሙት። በመጨረሻ የተገኘው መንገድ አንድ ልምድ ያለው አብራሪ ቢሰማው የሚስቅበት ነበር፤ አውሮፕላኑ ወደ ላይ ለመድረስ እየቸኮለ ሳለ በመካከሉ ወደ ታች እንዲያዘቀዝቅ ያዝዛልና! ምሥጢሩ ግን የድምፅ ፍጥነት በሚታለፍበት አካባቢ የአየሩ ተቃውሞ እጅግ ስለሚበረታ፣ ቁልቁለቱን ተጠቅሞ ያን ደጃፍ በፍጥነት ማለፍና ከዚያ መወንጨፍ አትራፊ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1962 በፓታክሰንት ሪቨር የባሕር ኃይል መሞከሪያ አንድ አብራሪ መንገዱን ተከትሎ በረረ። ስሌቱ 332 ሴኮንድ ብሎ ነበር፤ አብራሪው በ338 ደረሰ። ብሊስ መድፉን ያሰላበት አበርዲንና ይህ የአውሮፕላን ሜዳ ሁለቱም በዚያው በሜሪላንድ፣ በዚያው በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዳር መሆናቸው የአጋጣሚ ነገር ነው፤ ነገር ግን ያስደስተኛል።

በዚያው ዘመን በሞስኮ የሒሳብ ሊቁ ሌቭ ፖንትርያጊን ተመሳሳዩን ተጓዳኝ እኩልታ በሌላ በር ገብቶ አግኝቶታል። ፖንትርያጊን በ14 ዓመቱ የቤት ቡታጋዝ ፈንድቶ ዓይነ ስውር ያደረገው ሰው ነው፤ የሒሳብ መጻሕፍቱን የምታነብለት እናቱ ነበረች፤ እርሷም ሒሳብ ስላልተማረች ምልክቶቹን በመልካቸው፣ «ጭራው ወደ ላይ»፣ «ጭራው ወደ ታች» እያለች ትነግረው ነበር ይባላል። ስለ ትምህርት መሣሪያ እጥረት በተነሣ ቍጥር ይህች እናት ትዝ ትለኛለች።

የቀረውን ታሪክ በአጭሩ ላልፈው። እ.ኤ.አ. በ1970 ሴፖ ሊናይንማ የተባለ ተማሪ በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ ማዕርግ ባቀረበው ጽሑፍ፣ የኋሊቱን ስሌት ሰው በየእኩልታው ላይ ሳይደክም ኮምፒዩተሩ ራሱ በፕሮግራሙ ላይ እርምጃ በእርምጃ የሚፈጽምበትን መንገድ ጻፈ፤ በኋላም ሌሎች ሊቃውንት፣ ፓራሜትሩ የቱንም ያህል ቢበዛ፣ የኋሊቱ ስሌት የዋናውን ስሌት አራት ወይም አምስት እጥፍ ያህል ሥራ ብቻ እንደሚጠይቅ አረጋገጡ። በእንግሊዝ አገር በሬዲንግ ከተማ ያለው የአውሮፓ የአየር ትንበያ ማእከል እ.ኤ.አ. ከኅዳር 1997 ጀምሮ የከባቢ አየሩን መነሻ ሁኔታ ከልኬታዎች ጋራ የሚያስማማው በዚሁ ብልሃት ነው፤ በዚያ ስፍራ የሚታረሙት ቁጥሮች በሚሊዮን ስለሚቈጠሩ ነክቶ ማየት የሚባለው ነገር ከቶ አይታሰብም። ዛሬ በየስልካችን ቋንቋ የሚተረጉመው ሰው ሠራሽ አስተውሎትም የሚሠለጥነው በዚሁ የኋሊት ስሌት ነው። እንግዲህ ብልሃቱ እንግዳ ነው፣ ገና ነው፣ ለእኛ አቅም አይደለም የሚል ካለ፣ መሣሪያው በነጻ የሚገኝ፣ በተራ ላፕቶፕ ላይም የሚሠራ መሆኑን ልንገረው።

ነገር ግን ጠበቃ ሆኜ ስለ ቆምኩለት ነገር ጉድለቱን ካልተናገርሁ አንባቢ አያምነኝም። የስሱነት ስሌት ጥቂት ሲነኩት ጥቂት ለሚናወጥ ሥርዓት ነው፤ ዘልሎ ለሚለወጥ ሥርዓት አይሆንም። የበዓላትን ቀን የሚያወጣውን ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ይህን ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። በ2016 ዓ.ም. የስሌቱ መነሻ የሆነው ወንበር 10፣ ከእርሱ የሚወጡት አበቅቴና መጥቅዕ 20 እና 10 ነበሩ፤ ትንሣኤም ሚያዝያ 27 ዋለ። በ2017 ወንበሩ በአንድ ብቻ ጨምሮ 11 ሲሆን፣ አበቅቴው 1፣ መጥቅዑ 29 ሆነና ትንሣኤ ወደ ሚያዝያ 12 መጣ፤ በ2018 ወንበሩ 12፣ አበቅቴው 12፣ መጥቅዑ 18፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 4፤ በ2019 ደግሞ ወንበሩ 13 ሲሆን መጥቅዑ ወደ 7 ወርዶ ትንሣኤ ተመልሶ ሚያዝያ 24 ይሆናል። አንዲት የወንበር እርምጃ በዓሉን አንድ ጊዜ 15 ቀን ወደ ኋላ፣ አንድ ጊዜ 20 ቀን ወደ ፊት ትወስደዋለች፤ በመካከል ያለውን ልለካ ቢሉም ግማሽ ወንበር የሚባል ነገር የለም። «ውኃው ከዚህ ምልክት ካለፈ በሩን ክፈት» የሚል ደንብ ያለው ግድብም እንዲሁ ነው፤ በሩ የሚከፈትበት ቅጽበት ራሱ ስለሚንቀሳቀስ፣ ያን ቅጽበት ለብቻው ያላሰበ ስሌት የተሳሳተ ስሱነት አውጥቶ በልበ ሙሉነት ያቀርባል። ሁለተኛው ጉድለት የአየር ጠባይ ተመራማሪው ኤድዋርድ ሎሬንዝ እ.ኤ.አ. በ1961 በአሜሪካ ኤም አይ ቲ በተባለው ዩኒቨርሲቲ ያገኘው ነው፤ 0.506127 የነበረውን ቁጥር 0.506 ብሎ አሳጥሮ የአየር ሞዴሉን እንደገና ቢያስኬደው፣ የተተወችው ኢምንት ልዩነት እያደገች ሄዳ ትንበያውን ጨርሶ ሌላ አደረገችው። እንደዚህ ባለው ሥርዓት ውስጥ ለረጅም ዘመን የተሰላ ስሱነት እያበጠ ሄዶ ትርጉም የሌለው ታላቅ ቁጥር ይሆናል። ይህን ጊዜ ሐቀኛው መልስ «አይታወቅም» ነው፤ ለሽማግሌውም «አይታወቅም» ማለት ሁለት ሳምንት አይፈጅም።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስና ነገሩ ይበልጥ ጎልቶ የሚታይበትን ስፍራ ላሳይ። ጣና ታላቅ ሮቶ ነው። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ይገቡበታል፤ ሌሎችም መለኪያ ያልተተከለባቸው ብዙ ጅረቶች ይገቡበታል፤ ዓባይ ከእርሱ ይወጣል፤ ፀሐይም በዓመት ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ውኃ ከላዩ ትወስዳለች። የሐይቁ ስፋት 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነውና አንድ ሴንቲ ሜትር ውኃ 30 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይሆናል። ትነቱን ያሰላው ሞዴል አምስት በመቶ ብቻ ቢሳሳት፣ አምስት በመቶ ደግሞ በትነት ልኬታ ዘንድ የሚያስነቅፍ ስሕተት አይደለም፣ ስሕተቱ በዓመት ከ200 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ነው፤ የቆጋ የመስኖ ግድብ የሚይዘው ውኃ ሲሞላ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል መሆኑን የሚያውቅ ሰው፣ ይህች «ትንሽ» ስሕተት ከሁለት ቆጋ በላይ መሆኗን ያያል።

ከዚህ የሚበልጠው ነገር ግን ወዲህ ነው። ጣና በተፈጥሮው አፍ ይፈስ በነበረበት ዘመን እንደ ግቢያችን ሮቶ ነበር፤ ውኃው ሲበዛ ብዙ ይፈሳል፣ ሲያንስ ጥቂት ይፈሳል፤ ስለዚህ የአንድ ዓመት ስሕተት በራሱ ጊዜ እየፈሰሰ ይከስማል፤ ሐይቁ ስሕተትን ይረሳል። በ1988 ዓ.ም. የጨረጨራ ማገጃ ተሠርቶ አፉ በበር ከተገዛ በኋላ፣ በ2002ም 460 ሜጋ ዋት ያለው የጣና በለስ ማመንጫ ውኃውን በዋሻ በሌላ በኩል መውሰድ ከጀመረ ወዲህ፣ አወጣጡ በሐይቁ ፈቃድ መሆኑ ቀርቶ በሰው ሠንጠረዥ ሆነ። የተወሰነ መጠን በየወሩ እንዲለቀቅ የሚያዝዝ ሠንጠረዥ ደግሞ ስሕተትን አያፈስም፤ ያከማቻል፤ የዘንድሮው አምስት በመቶ በከርሞው አምስት በመቶ ላይ ይደመራል። ስሱነቱ በሮቶው ላይ እንዳየነው ከፍ ብሎ የሚወርድ መሆኑ ቀርቶ ዓመት ከዓመት የሚወጣ መስመር ሆነ ማለት ነው። በ1995 ዓ.ም. ክረምት ሊገባ ሲል ሐይቁ እጅግ ወርዶ ጀልባዎችና መርከቦች መሄድ ተስኗቸው እንደ ነበረ የባሕር ዳርና የጎርጎራ ሰዎች ያስታውሳሉ። በዚያ ዘመን የነበረው ድርቅ የራሱ ድርሻ ነበረው፤ አለቃቀቁም የራሱ። የእያንዳንዱን ድርሻ ለይቶ የሚናገረው ደግሞ ከዚያ ከወረደው ውኃ ተነሥቶ ወደ ኋላ የሚሄድ ስሌት ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ለመሐንዲስ ተማሪ ዲፈረንሺያል እኩልታን መፍታት በሚገባ ያስተምራሉ፤ የኋሊቱን እኩልታ ግን አብዛኛው ተማሪ ስሙን ሳይሰማ ይመረቃል፤ ሁለት ሳምንት የሚፈጅ ትምህርት ነውና፣ ከሁለቱ የስሌት ሳምንታት ጋራ ቢለዋወጥ ማንም አይከስርም። መሥሪያ ቤቶችም «የተሻለው ዕቅድ» በተባለው ሠንጠረዥ ግርጌ አንዲት መስመር ብቻ ይጨምሩልን፦ ይህ ዕቅድ ከሁሉ ይልቅ የሚንቀጠቀጠው በየትኛው ቁጥር ነው፣ ያ ቁጥር በአንድ በመቶ ቢለወጥስ የገበሬው ውኃ በስንት ይጎድላል? ከነጥብ በኋላ ያሉትን ሁለት አኃዞች ለዚህች መስመር ሲሉ ቢተዉአቸው እኔ በበኩሌ አልከፋም።

እርስዎም አንባቢዬ እንዲህ ባለው አዳራሽ ተጠርተው የገቡ ጊዜ፣ ሻዩ ከመቅረቡ በፊት፣ እጅዎን አንሥተው የእኒያን የሽማግሌ ጥያቄ ይድገሙልኝ።